የላይኛው ቤት ድምፅ

የማስተምርበት መንደር ወንዝ ዓመቱን ሙሉ ወንዝ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ነው። አህያ ይነዳበታል፣ ወደ ግራና ከተማ ገበያ ይኬድበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከማዶ የሚመጡት ተማሪዎቻችንም ጠዋት ተሻግረውት ይመጣሉ፣ ቀትር ላይ ተሻግረውት ይመለሳሉ። ለድልድይ ተብሎ የተቆለለ ድንጋይ ዳር ላይ አለ፤ ሣር በቅሎበታል። ልጆቹ ከጫማቸው አሸዋ ለማራገፍ ይቀመጡበታል።

አስተማሪ ነኝና ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። መንደራችን ቆላ ነው፤ ወንዙ የሚነሣው ግን ከምዕራብ ካለው ደጋ ነው። ደጋው ሲዘንብ እኛ ጋ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጎርፉ ደመና ልኮ አይመጣም። ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመ ሰው ቀና ሲል ውሃው ደርሶበታል። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ፤ እዚህ እስክመደብ ድረስ ጎርፍ ማለት ባጃጅ የሚያቆም ውሃ ይመስለኝ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች መላውን ያበጁት ከብዙ ትውልድ በፊት ነው። ወንዙ ከገደሉ ወጥቶ በሚታጠፍበት ጉብታ ላይ አንድ ቤት አለ፤ ላይኛው ቤት ይባላል። እዚያ የሚኖር ሰው ውሃውን ከሁሉ በፊት ያውቃል፤ ሲያውቅ ይጠራል። ቀጥሎ ያለው ቤት ተቀብሎ ለሚቀጥለው ያደርሳል፤ ጥሪው እንዲህ እየተላለፈ ውሃውን ቀድሞ ታችኛው መሻገሪያ ይገባል። ቃሉ አንድ ብቻ ነው፤ «መጣ» ይባላል፤ መጨረሻው ትንፋሽ እስኪያልቅ ይሳባል። ምን እንደመጣ መናገር አያስፈልግም።

ጥሪው ሕግ አለው። የተቀበለ ሰው መጀመሪያ ያደርሳል፣ ወደ ወንዙ የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ልይ ያለ ይቀደማል። የጠራ ሰው ደግሞ ድምፁን ሌላው ተቀብሎ ሲያወርደው እስኪሰማ ከቦታው አይነቃነቅም። ከሁሉም ጥብቁ ሕግ ግን ውሃ ሳይኖር አይጠራም የሚለው ነው። ለሠርግም ሆነ ለጨዋታ ያ ድምፅ አይወጣም።

ይህን የመጨረሻውን ያወቅሁት ተከልክዬ ነው። ዘንድሮ ወልድያ ለሚደረግ የባህል ዝግጅት ትምህርት ቤታችን የመንደሩን ታሪክ እንዲያቀርብ ተጠየቀና ሥራው ለእኔ ተሰጠኝ። ደስ ብሎኝ ያዝኩት። መስጊዱ ከወንዙ ዳር ወደ ዳገቱ ለምን እንደተዛወረ፣ በትልቁ ሾላ ግንድ ላይ ያለው የውሃ ምልክት የማን ዘመን ጎርፍ እንደሆነ ጠየቅሁ። የሁሉም መልስ ዞሮ ዞሮ ጥሪው ጋ ይደርሳል። እንግዲያው ጥሪውን በስልኬ ልቅዳ ብዬ ወደ ላይኛው ቤት ወጣሁ። የሚኖሩት አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው።

«እማማ፣ አንዴ ብቻ ይጥሩልኝ» አልኳቸው።

«ውሃ አለ?»

«የለም። ለታሪክ ነው።»

«ታች ያሉት ለታሪክ መሆኑን በምን ያውቃሉ? ሸክማቸውን ጥለው ይሩጡልሽ?» ብለው ሳቁ። «ይልቅ ማንጎ ብዪ። ሁዳዴያችሁ ማንጎ ይፈቅዳል አይደል?»

ከዚያ ወዲህ እየተመላለስኩ እጠይቃቸው ጀመር። ዓይናቸው መድከሙንም ያኔ ነው ያስተዋልኩት። የበሰለውን ማንጎ የሚመርጡልኝ በጣታቸው ዳሰው ነው። ታዲያ ውሃውን በምን ያውቁታል ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ነፋሱ ይቀድመዋል። ቀዝቃዛ ነው፤ የደጋ አፈር ይሸታል» አሉኝ።

ልጃቸው ወልድያ ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት። በሚያዝያ እናቷን ልትወስድ መጣችና መጀመሪያ ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ አስጠራችኝ።

«ቲቸር፣ አንቺን ትሰማሻለች አሉኝ» አለችኝ። «ዓይኗን ሐኪም ሳያየው ሊጠፋ ነው። እኔ ስናገር መልሷ ‹ወንዙን ለማን ጥዬ› ነው። አንቺ አስረጃት። ማስረዳት ሥራሽ አይደል?»

እሺ አልኳት። እሺ ስል ግን ልቤ ፈራ። እውነቷን ነበር፤ የታመመ ዓይን መታከም አለበት። ነገር ግን አሮጊቷ ከሄዱ ላይኛው ቤት ይዘጋል፤ ላይኛው ቤት ከተዘጋ ደግሞ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለብሰው አሸዋውን ለሚሻገሩት ልጆቼ ማን ይጠራል?

የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ አብረን ወጣን። የልጆቹ መለቀቂያ ተቃርቧል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከላይኛው ቤት ቀጥሎ ባለው ቤት በኩል ስናልፍ ልጅየዋ ጆሮዋን ያዘች። የዚያ ቤት ባለቤት ዘንድሮ የናፍጣ ወፍጮ ተክሏል። ለመንደሩ በጎ ነገር ነው፤ ሴቶቹ እህል ተሸክመው መርሳ ከተማ ድረስ መሄድ ቀርቶላቸዋል። በገበያ ዋዜማ ግን ሲጮኽ ነው የሚውለው። ያ ቀን የገበያ ዋዜማ ነበር።

«እማ፣ ሐኪሙ ይይሽና ካልተስማማሽ ትመለሻለሽ» ብላ ጀመረች ልጅየዋ፣ ገና ሳንቀመጥ።

«ከወልድያ ማን ተመልሶ ያውቃል? አንቺ ተመለስሽ?»

«ይኸው መጣሁ አይደል እንዴ!»

«ልትወስጂኝ ነው እንጂ! እሱ መመለስ ነው?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ አስተማሪዋ፣ ዛሬ ምን ልታስረጂኝ መጣሽ?»

ስለ ዓይን ሞራ የማውቀውን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር። የመጀመሪያውን ነጥብ ሳልጨርስ ዝም በይ እንደማለት እጃቸውን አነሡ። ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ነፋሱን አሸተቱ። እኔን ምንም አልሸተተኝም። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ ጉብታው ጫፍ ወጡና ጠሩ።

«መጣ…»

ድምፃቸው ቀጭን ነበር። ከሥር ወፍጮው ይጮኻል። ቆመው ጠበቁ፤ የተቀበለ የለም። ደግመው ጠሩ፤ ሁለተኛው መሃል ላይ ተሰብሮ ሳል ሆነ። ታች፣ ርቆ፣ ሰማያዊ ዩኒፎርም ከትምህርት ቤቱ በር እየወጣ ወደ አሸዋው ሲወርድ ይታየኛል። እኔም ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ እንጃ፤ ከወፍጮው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ቀረ።

ያኔ ልጅየዋ ቦርሳዋን ጥላ ከእናቷ ጎን ቆመች። ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ጠራች። ከሆዷ የወጣ፣ ዝቅ ብሎ ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ድምፅ ነበር። ወልድያ ገበያ ውስጥ ዋጋ ስትከራከር ይህን ድምፅ የት እንደምታኖረው አላውቅም። ወፍጮውን አልፎ ሄደ። ከሦስተኛው ቤት አንድ ሰው ተቀበላት። ከእሱ በታች ሌላ ሰው ተቀበለ። ጥሪው ወንዙን ይዞ ወረደ፤ ሰማያዊዎቹ መጀመሪያ ቆሙ፣ ከዚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተበተኑ።

ውሃው ከዚያ በኋላ መጣ። ከሥሩ የተነቀለ ማንጎ፣ አንድ በግ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ የቤት በር ይዞ አለፈ። ከልጆቹ ማንም አልተወሰደም። የአንዷ ቦርሳ ብቻ ሄደ።

አሮጊቷ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡ።

«የኔ ድምፅ የት ደረሰ?» ሲሉ ጠየቁ።

ልጅየዋ የጣለችውን ቦርሳ አንሥታ አቧራውን አራገፈች።

«ወፍጮው ጋ እንኳ አልደረሰም፤ አይደል?»

«ወፍጮው ነው እኮ እማ፣ እሱ ባይጮኽ…»

«ወፍጮው ነገም አለ። ልብሴን አውጪልኝ። እንሂድ» አሉ።

ልጅየዋ አለቀሰች። «አሁንማ እንዴት አድርጌ ልውሰድሽ? እነዚህን ልጆች አይቼ?»

«ዓይኔን አፍንጫዬ ተክቶልኝ ነበር። ድምፄን ምን ይተካዋል? ድምፄ የማይደርስ ሰው እዚህ ተቀምጬ፣ ታች ያለው ሰው እሷ አለች ብሎ ተማምኖ ቢሻገር፣ ሐራም ነው ልጄ።»

ሁለቱም ወደ እኔ አዩ። አንዷ እንዲሄዱ፣ አንዷ እንዲቀሩ እንድናገር የጠበቁኝ ይመስለኛል፤ አሁን ግን ቦታ ተለዋውጠው ነበር።

በማግሥቱ ሰዉ ሚኒባስ እስከሚቆምበት ድረስ ሸኛቸው። «አውፍ በሉኝ» ይላሉ በየመንገዱ። «እርስዎ ምን አጠፉና!» ይሏቸዋል። ልጅየዋ የቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ለእኔ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

የማዶዎቹ እናቶች ሾላው ሥር ተሰብስበው መከሩ። እንደ መስኖ ውሃ በተራ እንያዘው፣ በትምህርት ቀን አንዳችን ላይኛው ቤት እንዋል ተባባሉ። ባለወፍጮውም ተነሥቶ፣ «ልጆቹ በሚለቀቁበት ሰዓት አጠፋለሁ፤ ከሰማሁም አደርሳለሁ» አለ።

«ሚስቱ ስትጠራው የማይሰማ ሰው ጎርፉን ሊሰማልን ነው!» አለች አንዷ፤ ሳቅ ሆነ።

ሳቁ ሲበርድ እኔ እጄን አወጣሁ። ተራ የምትገባ ሁሉ ከጉብታው ላይ አንዴ ትጥራ፣ ድምፅዋ እስከየት እንደሚደርስ እንለካ፣ የማይደርስላት ካለች ከሌላ ጋር እናጣምራት ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ጥሩ ሐሳብ ነበር፤ አሁንም ጥሩ ይመስለኛል። አንድ ሽማግሌ ግን በለሆሳስ፣ «ውሃ የለምኮ፣ ልጄ» አሉኝ።

አሁን ግንቦት ነው። ስልክ ሲሠራ አሮጊቷ ከወልድያ ይደውሉልኛል። የዓይናቸው ሕክምና ቀጠሮ ላይ ነው። ስለ ዓይናቸው ስጠይቃቸው፣ «ነፋሱ እንዴት ነው?» ብለው ይመልሱልኛል።

የዛሬዋ ተረኛ በአማቷ ፈንታ የወጣች፣ በቅርቡ ተድራ የመጣች ልጅ ናት። ጠዋት ቁልፉን ስሰጣት «አብሽሪ» አልኳት፤ በዝግታ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስትናገር ድምፅዋ አይሰማም፤ ስትጠራ ምን ያህል እንደሚወጣ እሷም አታውቀውም። እኛ ጋ ፀሐይ ነው። ደጋው ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሯል። ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነው፤ ጥቁር ሰሌዳው ያለው በወዲያኛው ግድግዳ ነው፣ እኔ ግን መስኮቱ ጋ ቆሜ አስረዳለሁ። አንዱ ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ጽፈሽ አሳይን እንጂ» አለኝ። «ቆይ» አልኩት።