አባቴ ወንድሜን የደበደበበት ቀን

ባለፈው ሰኞ የወንድሜ የመጨረሻ ልጅ ስልኩን አቀበለኝና «እትዬ፣ የአያታችንን የሕይወት ታሪክ ጽፌዋለሁ፤ እስቲ ኤዲት ያድርጉልኝ» አለኝ። የአባቴ ሙት ዓመት ደርሷል። ዘመድ አዝማዱ መካነ ኢየሱስ ከተማ እኔ ቤት ይሰበሰባል፣ ጽሑፉም ይነበባል። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ስለነበርሁ በቤተሰባችን የሚጻፍ ነገር ሁሉ የኔ ዕዳ ነው፤ የሠርግ ጥሪውም የሟች ታሪኩም።

መነጽሬን አድርጌ አነበብሁ። «አቶ ፈንታሁን ከምንም ተነሥተው በራሳቸው ጥረት ትልቅ ነጋዴ ለመሆን የበቁ፣ ልጆቻቸውን በፍቅርና በርኅራኄ ያሳደጉ» ይላል። ርኅራኄ የምትለዋ ላይ ስደርስ ሣቄ መጣ። ደግ ሣቅ አልነበረም። ቀና ስል ወንድሜ ደሳለኝ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ በግራ እጁ የሽንብራ ቆሎ ይዘግናል። ቀኝ እጁ ከክርኑ ተቆልምሞ ቀርቷል፣ አይዘረጋም። ያን እጅ የሰበረው አባታችን ነው።

ከምንም ተነሡ የሚለው ግን እውነት ነው። አባቴ ሲማዳ ውስጥ እናትም አባትም ሳይኖረው ነው ያደገው። ንግድ የጀመረው በቆዳ ነው። በዓል በዋለ ማግስት የፍየልና የበግ ቆዳ ከየቤቱ ይለቅማል፣ በጨው ያሸዋል፣ ጠቅልሎ በጀርባው ይሸከምና ደብረ ታቦር ድረስ በእግሩ ይሄዳል። ስንቁ በሶ ነበር። ሽታው ከልብሱ ስለማይለቅ «ቆዳው ፈንታ» እያሉ ያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ይስቃል እንጂ አይቀየምም። ከጀርባው ወደ አህያ፣ ከአህያ ወደ በቅሎ፣ ከቆዳ ወደ ገብስና ምስር ተሻገረ። ወገዳ ላይ ሱቅ ከፈተ። በመጨረሻም አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ገዛ። ከልጆቹ እኩል ይወዳት ነበር ብል ለእኛ ማዳላት ይሆንብኛል።

ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ደሳለኝ ሃያ አንድ። ወሩ ኅዳር ነው። አባቴ ቤተ ልሔም ደብር አካባቢ የገዛው ገብስ በጆንያ ተከምሮ መኪና ይጠብቃል፣ ሹፌሩ ደግሞ ወባ ጥሎት ተኝቷል። አባቴ ጧት ደሳለኝን ጠርቶ «አንተ አምጣው» አለው።

«አባባ፣ እኔ ረዳት ነኝ እንጂ መንጃ ፈቃድ መች አለኝ? ባዶውን ከሆነ እሺ። ጭነት ይዤ የወገዳን ቁልቁለት አልደፍረውም።»

«ጭነቱ ምን አገባው፤ መሪ ትይዝ የለም እንዴ? ነገ ዝናብ ቢጥልበት አንተ ልትከፍለኝ ነው?»

ደሳለኝ ቁልፉን ተቀበለ። በቤታችን አባቴ ከተናገረ በኋላ የሚናገር ሰው አልነበረም። እኔ መኪና መሳፈር ስለምወድ ጋቢና ገብቼ አጠገቡ ተቀመጥሁ።

ሲሄዱ ደስ የሚል መንገድ ነበር። አጨዳው ደርሷል፤ በግራና በቀኝ ወንዶች ጎንበስ ብለው ያጭዳሉ፣ የታጨደ ገብስ ሽታ በመስኮቱ ይገባል። ጭነን ስንመለስ ግን ደሳለኝ መሪው ላይ ተጣበቀ። ወገዳ የገበያ ቀን ነበረች። ከቁልቁለቱ ግርጌ መንገዱ በሰውና በአህያ ሞልቷል። ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ጭነቱ እየገፋው አልቆም አለ። ክላክሱን ሳይለቅ አስጮኸው። ሰው ሁሉ ወዲያና ወዲህ ሲበተን አንድ ጎልማሳ ብቻ ጀርባውን ሰጥቶ የአህያውን ጭነት ያጠብቅ ነበር። ዞር ሲል ዐይኑን አይቼዋለሁ። ከዚያ መኪናው ከፍ ብሎ ዝቅ አለ።

ስሙ ሙሉዓለም ነው። የእትዬ ጠጄ አንድ ልጅ፣ ባለፈው ጥር ያገባ።

«ገደለው! አውርዱት!» የሚል ድምፅ ሳይጨርስ የመጀመሪያው ድንጋይ መስተዋቱን በርግዶ ገባ። ስብርባሪው ፀጉሬ ውስጥ ተሰገሰገ። ደሳለኝን በእግሩ ጎትተው ሲያወርዱት ጭንቅላቱ ከመርገጫው ብረት ጋር ተላተመ። እኔን አንዲት ሴት በነጠላዬ አንቃ አወረደችኝ። ደሳለኝን በዱላ፣ በጫማ፣ በእጅ የሚመታው ሰው ብዛቱ። ልብሱ ተቀዶ አለቀ፣ ፊቱ ደም ብቻ ሆነ። አንድ ረጅም ሰው በሁለት እጁ ትልቅ ድንጋይ አንሥቶ «ዘወር በሉልኝ! ጭንቅላቱን ነው የምለው» ይላል።

አባቴ ከሱቁ እየሮጠ የደረሰው በዚህ ጊዜ ነው። ሽመሉን ይዟል። ተገላገልን ብዬ ነበር። ሰዉ ስለሚያውቀው መንገድ ለቀቀለት። አባቴ መሬት ላይ የተዘረረውን ሙሉዓለምን አየና «ሞቷል?» አለ።

«ሞቷል!»

ሽመሉን አንሥቶ ወንድሜን መታው።

«ያስመስላል! ልጁን ለማትረፍ ነው!» አለ ከኋላ አንዱ። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው ጥሎ እንደገና መታ። ደሳለኝ ራሱን ሊከልል ቀኝ ክንዱን ሲያነሣ ሽመሉ እዚያው ላይ አረፈ፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀው ሲል ሰማሁት። ወንድሜ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልጮኸም። አባቴ በመታ ቁጥር ጎንበስ እያለ ከንፈሩን ያነቃንቃል፤ የሚራገም ነበር የመሰለኝ። ጀርባውን፣ ጎኑን፣ ጭኑን። እኔ «ንዳ ያልኸው አንተ ነህ!» ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት ደሳለኝ ከመሬት አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ገባኝ። ያን ብናገር ድንጋዩ ወደ አባቴ ይዞራል። አፌን ዘጋሁ፤ ዱላው ግን ቀጠለ።

ጌሾ ስትሸጥ የነበረችው እትዬ ጠጄ የልጇን ሬሳ አቅፋ ተቀምጣ ነበር። ድንገት ተነሣችና ደሳለኝ ላይ ወደቀችበት።

«በቤተ ልሔም ታቦት ይዤሃለሁ፣ ተው! ለኔ አንድ ሬሳ ይበቃኛል!»

ሽመሉ አየር ላይ ቀረ። እሷ ከለመነች በኋላ ማን ሊመታ ነው? ያ ሁሉ ሊገድል የመጣ ሕዝብ ወዲያው ገላጋይ ሆነ። «በቃ አያ ፈንታ! ልጅህን ፈጀኸው እኮ!» እያለ የአባቴን ክንድ የያዘው ያው ድንጋይ ያነሣው ረጅም ሰው ነው።

ደሳለኝ ታሰረ። ወጌሻ የነካው እጁ ተጣሞ ገጠመ። አባቴ ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ እትዬ ጠጄ እግር ሥር ተንበረከከ፤ ሽማግሌዎች አስታረቁ። እስክትሞት ድረስ ማሳዋን በየዓመቱ ያሳርስላት ነበር። እሷ ይቅር አለችው። እኔ ግን አላልሁም። በራሱ ጥፋት ልጁን እንደ እባብ የቀጠቀጠ ሰው ብዬ ያዝሁበት። አስተማሪ ሆኜ እስቴ ከተመደብሁ በኋላ የወገዳን መንገድ የምረግጠው ለለቅሶ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ካረጀ በኋላ «አባባ፣ ራስዎ ልከውት ለምን እንዲያ ጨከኑበት?» አልሁት። ወለሉን እያየ «ተይው ልጄ» አለኝ። ተውሁት፤ እሱንም ጭምር።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት ስልኩን እንደያዝሁ ወንድሜን «ርኅራኄ የምትለዋን ልሰርዛት ነው» አልሁት።

«አትሰርዣት» አለኝ። «ሲመታኝ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ይራገም ነበራ።»

«‹ጩህ› ነበር የሚለኝ። ‹ጩህ ልጄ! ስትጮህ ያዝኑልሃል፤ ጩህልኝ!› በየዱላው እየለመነኝ ነበር።»

ስልኩን አስቀመጥሁ። «ታዲያ ለምን አልጮኽህም?»

«ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር እኮ። የወገዳ ልጃገረድ ሁሉ እያየኝ በአባቴ ዱላ ልጩህ? እልህ ያዘኝ። በሁለተኛው ብጮህ ኖሮ በሁለተኛው ያበቃ ነበር።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርኸኝም?»

«የማፍርበት ነገር ነው። ደግሞስ አንቺ መች ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ነው፤ አልጠየቅሁትም። በቅርብ ቆሜ፣ በዐይኔ አይቼ ስለነበር የሚጠየቅ ነገር ያለ አልመሰለኝም። ዐይኔን አምኜ አርባ ስምንት ዓመት ፈረድሁበት። አባቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ስልክ እያስደወለ «ምንም አልፈልግም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» ሲለኝ፣ «ክፍል ልገባ ነው አባባ» እያልሁ እዘጋበት ነበር። ጡረታ ከወጣሁ አምስት ዓመት ሆኖኝ ነበር።