የድንጋዩ ተሳፋሪዎች

በምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ጋሼ ቆይ-እስቲ የምንላቸው ሰው አሉ። ስሙን ያወጣላቸው የገዛ አፋቸው ነው። ሻይ ሲቀርብላቸው «ቆይ እስቲ»፣ ስልክ ሲጠራ «ቆይ እስቲ»። አንድ ቀን የሚቃጠል ነገር ሸቶን ሁላችንም በሩ ላይ ስንጋፋ፣ እሳቸው «ቆይ እስቲ፣ ከየት ነው?» ብለው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ውኃው ያለቀበት የሻይ ማንቆርቆሪያ ነበር። ምድጃውን አጥፍተው፣ መስኮቱን ከፍተው፣ እኛን ከመንገድ ላይ ጠሩን።

ሠላሳ ዓመት ሰው ሠራሽ ጥርስ ሲሠሩ ኖረዋል። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተሯ «ከእንግዲህ ቤት ይዋሉ» ለማለት አፏ እሺ አላላትም። በመጠበቂያው ክፍል ያለውን የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳ አስረከበቻቸው። «የሚንቀጠቀጥ እጅ ለጥርስ አይሆንም፤ የዓሣ ምግብ ለመነስነስ ግን አቻ የለውም» እያሉ ራሳቸው ይስቃሉ። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። መስኮቴ ከገንዳው ትይዩ ስለሆነ ሥራቸውን ከእኔ የበለጠ ያየ የለም።

ገንዳው ውስጥ ከዓሣዎቹ ሌላ ከባሕር የመጡ ባለ ቀዳዳ ድንጋዮች አሉ፤ እንደ አበባ የሚፈኩት ኮራሎች የሚያድጉት በእነሱ ላይ ነው። ታዲያ ድንጋይ ሲገዛ ድንጋይ ብቻ አይመጣም። በየቀዳዳው ተሸሽጎ ትሉም፣ ቀንድ አውጣውም፣ ሸርጣኑም ያለ ቲኬት ተሳፍሮ ይገባል። ጋሼ «ሊፍተኞቹ» ይሏቸዋል። ከእነሱ መካከል ወዳጁን ከጠላቱ መለየት ትልቁ ሥራቸው ነው። ጥርስ የሚመረመርባትን ትንሽ መስታወት በየቀዳዳው አፍ ላይ እየያዙ ያያሉ፣ ያዩትን ከመጽሐፍና ከስልካቸው ሥዕሎች ጋር ያመሳክራሉ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ በደብተራቸው አንድ ገጽ ይሰጡታል። ምን ይመስላል፣ የት ታየ፣ ምን ሲበላ ተገኘ። የመጨረሻው መስመር «ፍርድ» ይላል፤ እሱ ለሰባት ቀን ባዶ ይቆያል።

ይህን ሥርዓት ያመጣው አንድ ስህተት ነው። በመጀመሪያው ዓመት እንደ ጣት የረዘመ ጸጉራም ትል አዩና ደንግጠው በወረንጦ አውጥተው ጣሉት። ወንድሞቹንም እየለቀሙ ጨረሱ። በወሩ አሸዋው ጠቆረ፣ ውኃው ሸተተ። ለካስ የዓሣዎቹን ትራፊ እየበላ ቤቱን ሲጠርግ የኖረው እሱ ነበር! የደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ትል፣ መልከ ጥፉ። ፍርድ፦ ጥፋተኛው እኔ» ተብሎ ተጽፏል። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ይባል የለ? ጋሼም ከዚያ ወዲህ ስሙን ሳያውቁ በማንም ላይ አልፈረዱም። አዳም ለምድር አራዊትና ለሰማይ ወፎች ስም ማውጣቱን አነባለሁ፤ ስለ ባሕሩ ፍጥረት ግን አልተጻፈም። ምናልባት እንደ ጋሼ ላሉት የተተወ ሥራ ይሆናል እላለሁ።

ባለፈው ወር አዲስ ድንጋይ መጣ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ከገንዳው «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ብርጭቆ ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ነው። ዶክተሯ ጓንቷን እንዳጠለቀች ወጣች።

«ጋሼ፣ መስታወቱ እየተሰነጠቀ ነው!»

«ቆይ እስቲ። ሊፍተኛ ይመስለኛል። መቆንጠጫውን እያጋጨ የሚጮህ ሽሪምፕ እንዳለ አንብቤያለሁ።»

«አይተውታል?»

«ገና አላየሁትም።»

«እንግዲያው ይፈልጉልኝ። ይሄ ሁሉ ውኃ ሕመምተኞቼ ላይ ሲፈነዳ አልጠብቅም።»

ሦስት ቀን ሙሉ በመስታወታቸው ፈለጉ። ምንም የለም። ሐሙስ ዶክተሯ መስታወት ገጣሚ አስመጣች። ሰውየው ገንዳውን በጣቱ እያንኳኳ፣ በባትሪ እያበራ ዞረው።

«ስንጥቅ አይታየኝም» አለ። «ግን ይጮኻል ካላችሁ እኔ ኃላፊነት አልወስድም።»

ዶክተሯ በረጅሙ ተነፈሰች። «እስከ ስድስት ሰዓት ምክንያቱን ካላወቅን ይፍረስ። በቦታው ቴሌቪዥን ይሰቀላል።»

ቴሌቪዥን ጠባቂ አያስፈልገውም። ይህ ለሁላችንም ገብቶናል፤ ከሁሉ በፊት ለጋሼ። ደብተራቸውን ዘጉና መስቀያው ላይ ያለውን ኮታቸውን ተመለከቱ።

በዚህ መሐል «ጧ!» አለ። መስታወት ገጣሚው ዞር ብሎ አጠገቡ ተራ የሚጠብቁትን እማማ አየ። እማማ ጥርሳቸው ሰው ሠራሽ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት የሠሩላቸው ጋሼ ናቸው፤ አሁን ላልቶባቸው ሊያስጠብቁ መጥተዋል።

«እናቴ፣ ጥርስዎ ነው እንዴ?»

«ምን አልክ አንተ?»

«አይ፣ ሲያወሩ ቀጭ ቀጭ ሲል ሰምቼ...»

«የእኔ ጥርስ ሰው ፊት አይጮህም! የሠራው ሰው ይኸው ቆሟል፣ ጠይቀው!»

ፊታቸውን አዞሩና ጥርሳቸውን አወለቁ። በመሐረብ ጠቅልለው የሰውየው መዳፍ ላይ አኖሩት። «ያዝ! አሁን ማን እንደሚጮህ እናያለን» አሉ በተሰበሰበ ከንፈር።

መስታወት ገጣሚው የሰው ጥርስ ታቅፎ እንደ ሐውልት ቆመ። ጥቂት ቆይቶ «ጧ!» አለ፤ ከገንዳው።

«ነጻ ወጣሁ!» አሉ እማማ፤ ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ጋሼ ብቻ አልሳቁም። አንዴ መሐረቡን፣ አንዴ ገንዳውን ያያሉ። «ቆይ እስቲ» አሉ። «ተጠርጣሪውን ለብቻ አውጥቶ መስማት! እንዴት እስከ ዛሬ አልታየኝም?» ወደ እኔ ዞሩ። «እህት ዓለም፣ ባልዲ አምጪልኝ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ይሁን።»

የገንዳውን ውኃ ባልዲው ውስጥ ቀዱና አዲሱን ድንጋይ ከነቀዳዳው አስገቡት። ባልዲውን ወስደው በወዲያኛው ጥግ ወንበር ላይ አኖሩ፤ ጸጥ እንዲል የገንዳውን ፓምፕም አጠፉ።

«ዶክተር፣ ከባልዲው ከጮኸ ሊፍተኛው ነው። ከገንዳው ከጮኸ ግን ኮቴን ለብሼ፣ ውኃውን ራሴ አፍስሼ እሄዳለሁ።»

ጠጋ አልኳቸውና «ድንጋዩን ለቆ አሸዋው ውስጥ ገብቶ ከሆነስ?» አልኩ።

«እሱን አታንሺብኝ» አሉ።

አምስት ሰዓት ተኩል ነበር። ሁሉም ጆሮውን ጣለ። ተራ የሚጠብቅ ጉንጩ ያበጠ ሰውዬ እንኳን ማቃሰቱን ተወ። እኔ በመስኮቴ ውስጥ ካርድ የማገላብጥ መስዬ «ጌታ ሆይ፣ የፈጠርከውን አንተው አስጩኸው» እላለሁ። ባልዲው ዝም። ገንዳውም ዝም። ለስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ዶክተሯ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

«ጋሼ...» አለች። ድምፅዋ ለስልሶ ነበር፤ ያስፈራኝ መለስለሱ ነው።

«ጧ!»

ከሁላችን ቀድመው ጣታቸውን የቀሰሩት እማማ ነበሩ። «ባልዲው! ባልዲው ነው!»

ደግሞ «ጧ!» አለ። የባልዲው ውኃ ፊቱ ሲርገበገብ በዓይናችን አየን።

ጭብጨባው መንገድ ድረስ ተሰምቷል። ዶክተሯ ግንባሯ ላይ የምታስረውን መብራት አብርታ ባልዲው አጠገብ ተንበረከከች፤ የጋሼን ትንሽ መስታወትም ተቀብላ በአንዱ ቀዳዳ አፍ ላይ ያዘች።

«አፍህን ክፈት በይው!» አለ ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ።

«አየሁት!» አለች። «ጋሼ፣ ጣት እንኳን አያክልም። አንዱ መቆንጠጫው ግን ግማሽ አካሉ ነው! ይሄ ነው ሦስት ቀን ያስጨነቀኝ?»

ጋሼም አዩና ደብተራቸውን ከፈቱ። ለእሱም አዲስ ገጽ ሰጡት።

«ፍርዱስ?» አልኳቸው።

«ሰባት ቀን አለው» አሉ።

«ቴሌቪዥኑን ታዲያ መቼ ልስቀል?» አለ መስታወት ገጣሚው።

«ቆይ እስቲ» አለች ዶክተሯ፤ የሳቀችው ካለችው በኋላ ነው።

ጋሼ ድንጋዩን ሊመልሱ ከባልዲው ብድግ አደረጉት። ከበዳቸው። መስታወት ገጣሚው ሊደግፋቸው ዘሎ ሁለት እጁን ዘረጋ፤ በአንደኛው መዳፍ ግን መሐረቡ እንዳለ ነው።

«አንተ ልጅ!» ብለው ጮኹ እማማ። «መጀመሪያ ጥርሴን!»