ሁለት ስንዝር ወለል

አባቴን የሰፈሩ ሰው «ከፋፋዩ» ይለዋል። ስድብ አይደለም፣ ሥራው ነው። አንዱን ክፍል ሁለት፣ ሁለቱን አራት ያደርጋል። የሞራሌውን እንጨት ያቆማል፣ የችፑዱን ስስ ጣውላ በሚስማር ይመታበታል፣ ክፍተቱን በስቱኮ ደፍኖ ቀለም ይቀባል፤ ጠዋት አዳራሽ የነበረው ማታ ሁለት ቤተሰብ ያድርበታል። አከራዮች እንደ ዓይናቸው ብሌን ያዩታል። ተከራዮችም ቢሆኑ አይጠሉትም፤ እሱ ባይኖር የት ሊገቡ ኖሯል? «እሱ ባለበት ተራርቃችሁ አትቁሙ፣ መሐላችሁን ለክቶ ያከራየዋል» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። እኔ ግን በዚህ ቀልድ አልስቅም።

የምንኖርበትንም ቤት የከፋፈለው እሱ ነው። ድሮ መጋዘን ነበር ይላሉ። አሁን አሥራ አራት ክፍል፣ አርባ ሦስት ሰው፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት አለው። ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» ለማለት ከአልጋ መነሣት አያስፈልግም። ከፊት ለፊት ዋናው መንገድ ነው፤ የጭነት መኪናዎች ዳገቱን ሲያያዙት ጥቁር ጭሳቸውን በራችን ላይ ይለቁታል። እዚያ በኩል ነጭ ልብስ የሚያሰጣ ሞኝ የለም። ደህና ነፋስ የሚመጣው ከጓሮ፣ ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው፤ በዚያ በኩል ያለው ደግሞ አንድ ሰፊ ባለ መስታወት የእንጨት መስኮት ብቻ ነበር።

ወደዚያ ቤት ስንገባ ስምንት ዓመቴ ነበር። አስም አለብኝ። እናቴ በሕፃንነቴ ስለሞተች፣ ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ደግፎ የሚያስቀምጠኝ አባቴ ነው። ሐኪም ቤት ሲወስደኝ የሚነግሩት ሁሌም አንድ ነው፤ «ይህች ልጅ ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍል ካላገኘች መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃትም።» እሱም አንገቱን ደፍቶ ሰምቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። የሰውን ቤት ሁሉ እየከፋፈለ ለልጁ የሚሆን መስኮት ያጣ ሰው ነበር።

አከራዩ የጓሮውን አዳራሽ ለሁለት እንዲከፍል ሲያዘው እንዲህ አለው፤ «በግራ በኩል አንተና ልጅህ ትገባላችሁ። በቀኝ በኩል ልብስ የሚተኩሱት ሴትዮ ይገባሉ። እሳቸው ከሰል ስለሚያነዱ የሚከፈተው መስኮት ለእሳቸው ይሁን።» መስኮቱ ሁለት መዝጊያ ነበረው። የቀኙ በማጠፊያ ይከፈታል፤ የግራው በሚስማር የተመታ ነው፣ ብርሃን ከማስገባት በቀር ጥቅም የለውም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴ ወንበር ላይ ወጣ። የቀኙን መዝጊያ ማጠፊያዎች ፈታ። ስምንት ብሎን አንድ በአንድ በመዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። «አደራ እንዳይወድቅብሽ፣ የኔ እመቤት» አለኝ። የእኛን መዝጊያ ሚስማር ነቅሎ ማጠፊያዎቹን በእኛ በኩል ገጠማቸው፤ የእሳቸውን መዝጊያ በስድስት ሚስማር ጠርቆ የሚስማሮቹን ራስ በቀለም ሸፈነው። ሲጨርስ የእኛን መስኮት ከፈተና ብድግ አድርጎ አስጠጋኝ። የሳር ሽታ መጣ። «ሳቢው፣ እስቲ በደንብ ሳቢው» አለኝ። ሳብኩት። ደረቴ አላፏጨም።

ከዚያ ግድግዳውን ሊያቆም በጠመኔ ያሰመረውን መስመር ቆሞ ሲያየው ቆየና በእግሩ አጠፋው። ሁለት ስንዝር ወደ እኛ ገፍቶ እንደገና አሰመረ። የእኛ ጠበበ፣ የእሳቸው ሰፋ። ያኔ አልገባኝም። ኋላ ነው የገባኝ፤ ለሕሊናው ጉቦ እየሰጠ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ አጠገቤ ተቀምጦ «ይህን ለማንም አትናገሪ» አለኝ። እኔም አፌን ዘጋሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዘጋሁ።

ልብስ ተኳሿ ሴትዮ፣ እኛ እትዬ የምንላቸው፣ ሁለት የከሰል ካውያና የተቆለለ ልብስ ይዘው መጡ። ኤሌክትሪክ እንዳይጠቀሙ ለክፍሎቹ ሁሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው፤ ካውያ ከተሰካ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። ገና የገቡ ዕለት የሁለታችንን ክፍል ከኮሪደሩ በእርምጃ ለኩና የእሳቸው ከእኛ እንደሚሰፋ አወቁ። በዚያ ቤት የክንድ ስፋት የሚያህል ወለል ሰው ያጣላል፤ እሳቸው ማመን አቃታቸው። በራችንን አንኳኩ።

«ወንድሜ፣ ተሳስተህ ነው? የእኔ ሰፍቷል እኮ!»

«አይ፣ ለሥራዎት ይስፋልዎት ብዬ ነው፤ እኛ ሁለት ነን፣ ይበቃናል» አለ አባቴ።

እትዬ እንባቸው መጣ። «ከልጁ አፍ ቀንሶ የሚሰጥ ሰው አለ ማለት ነው! የልጅህን ትንፋሽ ይባርክልህ» አሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምርቃታቸው አላባራም። የሱሪውን እጥፋት ቢላ አስመስለው ይተኩሱለታል፤ የትምህርት ቤት ልብሴን ሳልጠይቅ ተኩሰው በሩ ላይ ይሰቅሉልኛል። «እኔ ነኝ ተኳሿ፣ ሽጉጥ የለኝም እንጂ» እያሉ ያስቁኛል። አባቴ ግን ሲመርቁት መዶሻውን ፍለጋ ያጎነብሳል። ተኩሰው የሰጡትን ሱሪ ለብሶ ሲወጣ በሕይወቴ አላየሁትም፤ አጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እኔ ዳንኩ ማለት ይቻላል። በአሥራ ሁለት ዓመቴ እሮጥ ነበር። እትዬ ደግሞ መሳል ጀመሩ። መጀመሪያ ጉንፋን ነው አሉ፤ ከዚያ ብርድ መትቶኝ ነው አሉ፤ ከዚያ ምክንያት መፈለጉን ተዉት። በችፑዱ በኩል ሁሉ ነገር ይሰማል። እኔ ሳልስል ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ሁሉ እሳቸው ሳሉባቸው።

ሦስት ጊዜ ጠየቁት። «ወንድሜ፣ አንተ አናጢ ነህ፤ ይህ መስኮት የሚከፈትበት መላ የለውም? ከሰሉ ራሴን ያዞረኛል።» ሦስቱንም ጊዜ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ክፈፉ በስብሷል፤ ከተነካ ግድግዳውን ይዞት ይወርዳል» አላቸው። ሁለት ማጠፊያ ገዝቶ ሚስማሩን መንቀል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ የእኛን መንካት እንኳ አያስፈልገውም። ለምን አላደረገውም? ብዙ አስቤበታለሁ። መስኮቱ በቀላሉ ከተከፈተ፣ መጀመሪያውኑ ለምን ተዘጋ የሚል ጥያቄ ይመጣል። አባቴ ያንን ጥያቄ ፈራ። እኔስ? እኔማ አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። ዘወትር ጠዋት ያንን አየር ጠግቤ ሳብኩና «እንደምን አደሩ እትዬ» ብዬ ወጣሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይሻል ነበር፤ መሬቱም ግን በሰው ተጨናንቋል።

ባለፈው ዓመት አከራዩ የኮሪደሩን ጫፍ በችፑድ አስዘግቶ አንድ ክፍል ጨመረ። የሠራው አባቴ ነው። በእትዬ በር በኩል ትገባ የነበረችው ትንሽ ነፋስም በዚያው ቀረች።

በዚህ ክረምት አንድ ከሰዓት፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ እትዬ ብዙ የደንብ ልብስ ተረክበው በራቸውን ዘግተው ይተኩሱ ነበር። የሚያርር ጨርቅ ሸተተኝ። በችፑዱ ተጣራሁ፤ መልስ የለም። አባቴ በሩን በትከሻው መታው። እትዬ ወለሉ ላይ ወድቀዋል፤ ካውያው ጠረጴዛው ላይ ሸሚዝ እየበላ ነው። ከሰሉ ፍም እንደሆነ አየሩ ይከብዳል፣ ዓይን ያቃጥላል። አባቴ አዝሏቸው ወጣ፤ በዝናብ ውስጥ እስከ ክሊኒኩ ድረስ አላወረዳቸውም።

ነፍስ ሲዘሩ ሐኪሟ ጠየቀቻቸው፤ «እናቴ፣ የሚሠሩበት ክፍል መስኮት አለው?»

«አለው፤ አይከፈትም እንጂ። ክፈፉ በስብሷል» አሉ በተቆራረጠ ድምፅ። ከዚያ አባቴን በእጃቸው አመለከቱ። «እሱ ቢችል ይከፍትልኝ ነበር። ከራሱ ቀንሶ ወለል የሰጠኝ ሰው ነው። እንደ እሱ የሚያስብልኝ የለም።»

አባቴ ግድግዳውን ተደገፈ። ሐኪሟ ወደ ውጭ አውጥታ ለእኔና ለእሱ ነገረችን። የዛሬው የከሰል መርዝ ነው፣ ይወጣል። ሳንባቸው ግን የዛሬ አይደለም፣ የዓመታት ነው፤ የተጎዳው አይመለስም። «ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍል ካላገኙ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃቸውም» አለች። ያው ለእኔ ይባል የነበረው ነው።

እትዬ ክሊኒኩ አደሩ። አባቴ በማግስቱ ጠዋት ሱቁ እንደተከፈተ ሁለት ማጠፊያ ገዛ። ወንበሩን እኔ ያዝኩለት። ሚስማሮቹ ዝገዋል፤ ሲነቅላቸው ቀለሙ እየተፈረከሰ ፀጉሩ ላይ ወረደ። ምንም የበሰበሰ ነገር አልነበረም። ግድግዳውም አልወረደም። ሰዓቴን አየሁ፤ አርባ ደቂቃ ፈጀ። መስኮቱን ሲከፍተው ነፋሱ ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን ሸሚዞች አነሣቸው። አባቴ ከወንበሩ ሳይወርድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

እትዬን ከሰዓት በኋላ ይዘናቸው መጣን። በሩ ላይ ቆሙ። የተከፈተውን መስኮት አዩ፣ አባቴን አዩ፣ እንደገና መስኮቱን አዩ።

«አልበሰበሰም ነበር?»

«አልበሰበሰም» አለ አባቴ። «መጀመሪያ የሚከፈተው የእርስዎ ነበር። አከራዩ ለእርስዎ ነው ያለው። ማጠፊያውን ፈትቼ ወደ እኔ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ወለሉን የሰጠሁዎት... ለዚያ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ታውቂ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር፤ ያኔ ሕፃን ነበርኩ ማለት እችል ነበር። «ብሎኖቹን የያዝኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እትዬ አልጋቸው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። በመስኮቱ ከሜዳው የልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ጠይቀኸኝ ቢሆን» አሉ በመጨረሻ፣ «ለዚህች ልጅ ራሴ እሰጣት ነበር። እኔ ከሰሉን ደጅ አወጣው፣ ደጅ እተኩስ ነበር።»

አባቴ መሬት ላይ ተንበረከከ። አልቅሶ አያውቅም፤ ያን ቀን አለቀሰ። «እትዬ፣ ይስደቡኝ። ይርገሙኝ። ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተው ያዋርዱኝ። ዝም አይበሉኝ ብቻ።»

እትዬ ሊመልሱለት አፋቸውን ከፈቱ፤ ሳሉ ቀደማቸው። እስኪያልፍ ድረስ ደረታቸውን ይዘው ጠበቁ።

«ለመሳደብም እኮ» አሉት፣ «ትንፋሽ ያስፈልጋል።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ፤ እኛም ወጣን።