ባዶ ቀለህ የታጠቁት ሽማግሌ

ከሳንጃ ወደ ጎንደር በሚወጣው ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ዝናር ታጥቀዋል፤ ጠመንጃ ግን አልያዙም። ዝናሩ ላይ የተደረደረው ባዶ የጥይት ቀለህ ብቻ ስለሆነ አልሰጋሁም። አንዱን መዘዝ አድርገው በነጠላቸው ጫፍ ይወለውላሉ። ጭጋጉ መስኮቱን ሸፍኖት መኪናው ደመና ላይ የሚንሳፈፍ ይመስላል። ያቀፍኳት ልጄ ባሩድ ያጠቆረውን ጣታቸውን ጨብጣ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ማሽላችን ላይ የሚመጣውን ከርከሮ የምጥለው በዚህ ነው» አሉኝ ቀስ ብለው። «ባሩዱን ሰፍራ የምትሞላልኝ ባለቤቴ ናት።»

«ምነው አያ፣ የፋብሪካው ጥይት አይሻልም?»

«የፋብሪካውማ ሸጋ ነው። ግን ለማንም ጠመንጃ የተሠራ ነው። የእሷ የኔን አሮጌ ምንሽር ጠባይ ያውቃል።» ወደ ጭጋጉ አዩ። «አሁን ጎንደር ሆስፒታል ተኝታለች። እህልም እምቢ ብላለች አሉ።»

«ታዲያ ባዶውን ምን ሊያደርጉላት ነው?»

ፈገግ አሉ።

«አታውቂያትም ልጄ። ባዶ ቀለህ እያየች መተኛት የማይሆንላት ሴት ናት።»