ዶሮ የበላው ሸለምጥማጥና ምንም ያልበላችው ቢራቢሮ

ዛሬ ጠዋት ሮቢት ስደርስ የአክስቴ የዘሀራ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ለቅሶ መስሎኝ ክው አልኩ!

የሞተው ለካ ሸለምጥማጥ ነው። ጫጩቶቿን ሲፈጅባት ስለከረመ፣ የሽንኩርት ፀረ ተባይ ሥጋ ላይ ረጭታ ገደለችው። ጎረቤቱ "ማሻአላህ ዘሀራ፣ ገላገልሽን!" ይላታል።

ከዚያ ለዘር የተከለችውን የሽንኩርት ማሳዋን አሳየችኝ። "አበባው ዘንድሮም ዘር አልያዘልኝም" ብላ አዘነች።

ድሮ በማሳው ቦይ ዳር ስናልፍ ፊታችን ላይ የሚያርፉት ቢራቢሮዎች አንድም የሉም።

"አክስቴ፣ ቢራቢሮዎቹስ?"

"ውይ! እነሱ ደሞ ምኔን በሉና ልፈልጋቸው?"

ዶሮ ሌባው አገር ምድሩን ሰብስቦ ሞተ። ዘር እንዲይዝላት የአበባውን ዱቄት ከአበባ አበባ ሲያዳርሱላት የኖሩት ቢራቢሮዎች፣ ሽንኩርቱ ላይ በምትረጨው በዚያው መርዝ ሲያልቁ ግን የት ሄዱ ያለ የለም። እኔም ብሆን ዛሬ ገና መጠየቄ ነው።

እስኪ ንገሩኝ፣ እናንተ ሰፈር ማንንም ስላልጎዳ ብቻ ፈላጊ ያጣ ማን አለ?