ረጅሙን ሳናሸንፈው

በደርግ ጊዜ ጂንካ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ሳለሁ የታች ሰፈር ቡድን ደጋፊ ነበርኩ። ደጋፊ ስል እንግዲህ መሸነፍ የለመደ ሰው ማለቴ ነው። ልጆቻችን ግማሾቹ ባዶ እግራቸውን ይጫወታሉ፤ ማልያቸውንም ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሰፋሁላቸው እኔ ነኝ። ሌሎቹን ቡድኖች አልፎ አልፎ እናሸንፋለን። የመሥሪያ ቤት ሠራተኞችን ቡድን ግን አንድ ቀን እንኳ አሸንፈን አናውቅም። እዚያ ቡድን ውስጥ ከእንስሳት ሕክምና የመጣ አንድ ረጅም አጥቂ ነበር። ጎል ያገባብንና ወደኛ ዞሮ ፈገግ ይላል። ያቺ ፈገግታው አንጀቴን ታሳርረው ነበር።

አንድ ቅዳሜ ረጅሙ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ተዛውሯል፣ ዛሬ በአውሮፕላን ይሄዳል የሚል ወሬ ገበያውን ሞላው። ሰፈራችን እልል ሊል ምንም አልቀረው። እኔ ግን ተናደድኩ። ሳናሸንፈው ሊሄድ? ነገ ብናሸንፍ «እሱ ስለሌለ ነው» ሊሉን አይደል?

ደግነቱ ደመናው አውሮፕላኑን አዘገየው። ረጅሙም አውሮፕላኑ እስኪመጣ ልጫወት ብሎ ሻንጣውን ከጎሉ ኋላ አስቀምጦ ገባ። የምንጫወተው ከተማው መሀል ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ ሣር ላይ ነበር፤ ከብቱም እዚያው ይግጣል። እንደ ልማዱ ቶሎ አገባብን፣ ፈገግም አለ። ከእረፍት በኋላ ግን ባዶ እግሩን የሚጫወተው ትንሹ አጥቂያችን በጭቃው እየተንሸራተተ አንድ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ኳሷ ከነሱ ጎል አልርቅም አለች። ዛሬስ አገኘነው አልኩ።

ይሄኔ አውሮፕላን መጣ የሚለው ሳይረን ጮኸ። ከብቱ ተነዳ፣ የጎሉ እንጨቶች ተነቀሉ፣ ሁላችንም ዳር ወጣን። አውሮፕላኑ አርፎ ረጅሙ ሻንጣውን ሲያነሳ፣ ሄጄ እጀታውን ያዝኩበት። ስሰድበው የኖርኩትን ሰውዬ! መንገደኞቹን የሚያሳፍረውን ሠራተኛ የቀረችንን ሩብ ሰዓት ብቻ ይታገሱን ብዬ ለመንኩት። እብድ ነው እንዴ በሚል ዓይን አየኝ። ረጅሙ ግን አልሳቀብኝም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ታሸንፉኝ ነበር» አለኝ፤ ሄደም።

እንጨቶቹን መልሰን ተክለን ጨዋታውን ጨረስን። ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ሰፈሩ ጨፈረ፤ እኔም አብሬ ጨፈርኩ፣ ግን አልጣመኝም። ሰኞ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው የነሱ በረኛ፣ እንደፈራሁት፣ «እሱ ስለሌለ ነው» አለኝ። ሱሪውን ተቀበልኩት፣ ምን ላድርግ።

በሚቀጥለው ዓመት ከክረምቱ በኋላ ረጅሙን መልሰው ጂንካ መደቡት። ይመጣል በተባለበት ቀን ሳይረኑ ሲጮህ የስፌት መኪናዬን ጥዬ፣ ያልተጠለፈ ኮት ትከሻዬ ላይ እንዳለ ወጣሁ። የኳስ ጫማውን በክሩ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ወረደ። ደስ አለኝ፣ ምን እደብቃለሁ። የገዛ ቡድኑ ልጆች ሳይደርሱ ሮጬ ሻንጣውን ተቀበልኩት።

«እንኳን ደህና መጣህ» አልኩት። «ቅዳሜ ያቺን ሩብ ሰዓት እንጨርሳታለን።»