ከዛጎል ወፍጮ ያላወጣሁት ሰው

ዛሬ ጠዋት ልጄ ከደሴ ያስጫነውን የዶሮ መኖ ግቢ ውስጥ ሲፈታ፣ ሽታው መኝታዬ ድረስ መጣ። ዓሣና ዛጎል ተፈጭቶበታል። መካነ ሰላም ደጋ ነው፤ ባሕር አይሸትም። ተነስቼ በሐምሌው ጭቃ ላይ ቆምኩ፤ ሰይድ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ያኔ ጉልበቴም ኩራቴም ሙሉ ነበር። ዐረብ አገር፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ ሽሪምፕ በኩሬ በሚረባበት ቦታ እሠራ ነበር። ሽሪምፕ የጣት ያህል፣ ባለ ብዙ እግር የባሕር ፍጥረት ነው። መኖው ከአኩሪ አተርና ከስንዴ ይሠራል፤ የባሕር ሽታ ከሌለው ግን ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ የደረቀ የዛጎል ሥጋ፣ የሸርጣንና የራሱ የሽሪምፕ ቅርፊት ተፈጭቶ ይጨመርበታል። የወገኑን ቅርፊት ሲሻማ አይቼ "አይ እንስሳ!" ብዬ ስቄአለሁ። በእንስሳ መሳቅ ቀላል ነው።

ሐበሾች ሁለት ብቻ ነበርን። እኔ ኩሬው ላይ፣ ሰይድ ወፍጮው ክፍል። የወረኢሉ ልጅ ነው፤ ገና ሲመጣ እናቱ ከቋጠረችለት ጭኮ ግማሹን ቆርሶ ሰጥቶኛል። ቆርቆሮ ለበስ በሆነው ክፍል ውስጥ የዛጎሉ ብናኝ ሽፋሽፍቱ ላይ እንደ ዱቄት ይቀመጥ ነበር። በሁለተኛው ወር ደረቱ ያፏጭ ጀመር።

"ወንድም ጋሼ፣ አንተ ዐረብኛ ታውቃለህ፤ ለአለቃው ለሙዲሩ ንገርልኝ። ወላሂ፣ ትንፋሼ ተዘጋ።"

ቁርኣን ቤት ከቀራሁት ተነስቼ ዐረብኛን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ያላወቅሁት ያለ አይመስለኝም ነበር። "ምች ነው" አልኩት። "ፀሐይ ላይ ከወጣህ ይብስብሃል። ጥላ ውስጥ ሥራ።"

"ውጭ ንፋሱ ላይ ስሆን እኮ ይለቀኛል።"

"ምች እንደዚያ እያታለለ ነው የሚገድል። ደግሞ ወንድ አይደለህም እንዴ? የወረኢሉ ሰው ለሳል ሲያለቅስ አሁን ገና አየሁ!"

መጀመሪያ ላይ ምች መሆኑን ከልቤ አምኜ ነበር። ግን ጁምዓ፣ ወፍጮው በማይሠራበት ቀን፣ ሰይድ ደህና ሲተነፍስ አየሁ። በሳምንቱም አየሁ። ያን ጊዜ የዛጎሉ ብናኝ መሆኑ ገባኝ። እሱ ከወጣ ግን ወደዚያ ክፍል የምገባው ሌላው ሐበሻ፣ እኔ ነኝ። ለሙዲሩ ሳልነግርለት ቀረሁ።

አንድ ቀን ሙዲሩ በር ላይ ቆሞ "ይህ ሰው ምን ሆነ?" ሲል በዐረብኛ ጠየቀኝ።

"ልማዱ ነው፤ ሥራ ሲበዛ ይታመማል" አልኩት።

ሰይድ ወፍጮውን ተደግፎ "ምን አለ?" አለኝ።

"በርታ አለህ።"

"ጀዛከላህ" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጆንያዎቹ ላይ ወድቆ አገኘነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። መኪና እስኪመጣ እጄን ይዞ ቆየ፤ መኪናው ሲደርስ እጁ ቀዝቅዟል። በማግስቱ ወፍጮው ክፍል እኔ ገባሁ። አፍንጫዬን በሽርጥ አሰርኩ፤ ይህንን እንኳ መክሬው አላውቅም።

አገር ስገባ ወረኢሉ ወርጄ አባቱን "ቀኑ ደርሶ ነው፤ ምች መታው" አልኳቸው። "አልሐምዱሊላህ፣ ያንተ ዓይነት ወንድም አጠገቡ ነበር" ብለው አቀፉኝ።

ሽማግሌው አሁንም በሕይወት አሉ። ልጅ ሲዳር፣ ሰው ሲሞት ያስጠሩኛል፤ ከጎናቸው ያስቀምጡኛል። እኔ ልጆቼን ስለ አንዲት ውሸት እንኳ ቀጥቼ ያሳደግሁ አባት ነኝ። ልክ ነበርኩ፤ ውሸት መቀጣት አለበት። ለእሳቸው ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም። ለእናንተ መንገር የቀለለኝ እናንተ እንደ እሳቸው ስለማትወዱኝ ነው።